ናፍጣ ውኃ አይጠጣም

እናቴ ቀናተኛ ነበረች። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷም ብትሆን ደብቃው አታውቅም። «ሰው የራሱን ካልጠበቀ ምን ሊጠብቅ ነው?» ትላለች። ሥራዋም ጥበቃ ነበር። የመኪናው መንገድ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ፣ ባቡር ሲመጣ መዝጊያውን ብረት ታወርዳለች፣ አረንጓዴ ባንዲራዋን ይዛ ትቆማለች፣ ባቡሩ ሲያልፍ ብረቱን መልሳ ታነሳለች። ጋሪ ይሁን የጭነት መኪና ወይም የሹም መኪና፣ እሷ ብረቱን ካላነሳች ንቅንቅ የለም። ባቡሩን የሚነዳው ደግሞ አባቴ ነበር። አገሩን ሁሉ አስቁማ የምታሳልፈው የገዛ ባሏን ነው ማለት ነው። ካሳለፈችው በኋላ የሚሆነውን ግን አታውቅም፤ ያ ነገር ዕድሜ ልኳን አንጀቷን ሲበላት ኖረ።

የተወለደችው እዚያው ሐዲዱ ዳር ነው። አያቴ መስመሩ መጀመሪያ ሲዘረጋ ጠጠር እያፈሰሱ፣ እንጨት እያነጠፉ፣ ብረት እየቸነከሩ ከመጡት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው ኩባንያው ማቋረጫውንና አጠገቡ ያለችውን ቤት ሰጠው፤ እሱ ሲሞት ልጁ ወረሰች። ቤቷ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ናት። ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሠርጋቸው ፎቶግራፍም ይጣመማል። እናቴ ብረቱን አንስታ ስትመለስ መጀመሪያ የምታደርገው ፎቶግራፉን ማቃናት ነው።

የከሰል ባቡር ዘመን ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። የባቡሩ ፉጨት የሚጮኸው በገመድ ነው፤ ገመዱን የሚስበው የሰው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ እንደ ድምፅ ከሰው ሰው ይለያል። አንዱ ነጂ ቆርጥ ቆርጥ ያደርገዋል፣ አንዱ ሰፈሩን ሊቀሰቅስ የመጣ ይመስል ይለቅበታል፣ አንዱ እንደ ሕፃን ያስነፋርቀዋል። የነጂ ሚስቶች ባቡሩ ገና ከኮረብታው ጀርባ ሳለ የማን ባል እንደመጣ ይለያሉ። የአባቴ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ነበር፤ ረጅሙ መጨረሻው ላይ ዝቅ ይላል፣ ሰው ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ «ኡፍይ» እንደሚለው። እናቴ ያንን ስትሰማ ብረቱን ታወርድና ማንቆርቆሪያውን ትጥዳለች። እሱ ባቡሩን ጣቢያ አስረክቦ በእግሩ ሲመለስ ሻዩ ደርሶ ይጠብቀዋል። «የኔ ፉጨት» ነበር የምትለው። የሱ ብላ አታውቅም።

መጀመሪያ የቀናችው በባቡሩ ነበር። «የባቡሩን ናስ በጨርቅ ሲወለውለው አይተሽዋል? እኔን አንድ ቀን እንኳ ጀርባዬን እንዲህ አሽቶኝ ያውቃል?» ትለኛለች። እኔ ያኔ ትዳር ይዤ ከቤት የወጣሁ፣ ጣቢያው ውስጥ ትኬት የምቆርጥ ሰው ነበርኩ። እሷ ግን ኩባንያው ሳይሆን ራሷ ሰላይ አድርጋ የቀጠረችኝ ይመስላት ነበር።

«ዛሬ ከፊተኛው ፉርጎ ማን ገባ?»

«ሰው ነዋ፣ እማዬ።»

«ሴት ወይስ ወንድ?»

«አንዲት አሮጊት ናቸው። በምርኩዝ የሚሄዱ።»

«አሮጊትም ሴት ናት።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ይስቃል። «ካንቺ ሌላ ሴት ቀና ብዬ ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያርገው!» ይላታል። እሷም እስከ ማግሥቱ ትበርዳለች።

ከዚያ የናፍጣ ባቡሮች መጡ። ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ፣ መስኮታቸው እንደ ሱቅ መስታወት ሰፊ፣ ጭስ የማያለብሱ። ኩባንያው ለነጂዎቹ ኮርስ ከፈተ። የሚፈለገው ማመልከቻና የጤና ምርመራ ነበር። ኮርሱን የጨረሰ ነጭ ኮት ይለብሳል፣ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ካሉት ቤቶች አንዱ ይሰጠዋል፤ ባለ ሁለት ክፍል፣ ቧንቧው ውስጥ ድረስ የገባ፣ ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆ የማይንጫጫበት። እናቴ ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ መምረጥ ጀመረች። በዕድሜም በሙያም ቀዳሚው አባቴ ስለነበር ማንም ሰው ነገሩን አልተጠራጠረም።

አባቴ ግን አላመለከተም።

«ከሰል ይበቃኛል» አለ። ሌላ ቃል ከአፉ ማውጣት አልተቻለም። ትናንት ሲያስተምራቸው የነበሩት ሁሉ እያለፉት ሄዱ። የአንዱ ሚስት፣ እናቴ ከሐዲድ ጠጠር ስትለቅም የምታውቃት ሴት፣ አዲሱ ቤቷ ገብታ በመስኮቷ እጇን ታውለበልብልን ጀመር። እናቴ መልሳ ታውለበልባለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «እጇ ይቆረጥ» ትላለች በሹክሹክታ፣ ፈገግታዋ ሳይጠፋ።

ነገሩን ያፈነዳው የአባቴ ረዳት ነው። እሳቱን የሚቆሰቁሰው፣ ከሰሉን የሚያጎርሰው ልጅ እግር ሰው፣ ሁላችንም ጥላሸት ነበር የምንለው። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ችግሩ ማቆሚያውን አያውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃችን ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሳለ እናቴ ስለ ኮርሱ ምሬቷን ጀመረች።

«እትዬ ደግሞ! ጋሼ እንዴት አድርገው ከሰሉን ይልቀቁ?» አለ ጥላሸት እየሳቀ። «ናፍጣ ውኃ አይጠጣም እኮ!»

«ባይጠጣስ?»

«ካልጠጣማ ውኃው ፌርማታ ላይ አይቆምም። ካልቆመ ደግሞ እዚያ ያለችው ባለ ፓምፕ መከፋቷ ነዋ።»

ውኃው ፌርማታ የምንለው፣ መስመሩ ተራራውን ከመጀመሩ በፊት ያለ፣ ከውኃ ጋንና ከአንዲት ጎጆ በቀር ምንም የሌለበት ቦታ ነው። የከሰል ባቡሮች እዚያ ቆመው ውኃ ይሞላሉ። ፓምፑን የምታንቀሳቅሰው ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች።

የእናቴ ፊት ልውጥ ሲል ጥላሸት ደነገጠ። «ኧረ ቀልዴን ነው፣ እትዬ።»

«ቀልድህን ጨርሰዋ።»

«ምንም የለም እኮ። ፌርማታው አጠገብ ያለው ጥምዝምዝ ጋ ስንደርስ ጋሼ ያስጮኹታል፣ እሷ ትወጣና ነጭ ነገር ታውለበልባለች። ሰላምታ ነው።»

«እንዴት ነው የሚያስጮኸው?»

«ያው እንደ ልማዳቸው ነዋ። ሁለት አጭርና አንድ ረጅም።»

«መጨረሻው ዝቅ ይላል?»

«ይላል።»

እናቴ ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደችበት።

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ፤ ነገር ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች። ሁሉም ነገር ገጠመላት። አባቴ ከጥቂት ወራት ወዲህ ፊቷን አያይም። ሰማያዊ ባለ አበባ ቀሚስ አሰፍታ ሁለት ጊዜ ከፊቱ ተመላልሳለች፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ድሮ አዲስ መሐረብ እንኳ ብታስር የሚያሞግሳት ሰው። ሲገባ ግድግዳውን ዳበስ እያደረገ ስለሚራመድ ጠጥቶ ይሆን ብላ አፉን አሽትታዋለች፣ ምንም የለም። ሐሳብ ይዞታል ማለት ነው። ሐሳቡም ያቺ ናት። ያችን «ውኃ ቀጂ» ነበር የምትላት። ኮርሱን እምቢ ያለው፣ ቤቱን ያስቀረባት፣ መጋረጃዋን መና ያደረገው፣ ናፍጣው ውኃ ቀጂዋ ደጅ ስለማይቆም ነው። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠረጠርኩ።

ማታ ሲገባ አፋጠጠችው። «ማልልኝ» አለችው፤ ያች ሴት ምኑም እንዳልሆነች።

«በልጄ ልማልልሽ።»

«በልጅህ አላልኩህም። ሁልጊዜ እንደምትለው በዓይንህ ማልልኝ።»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው» ማለት እንደ እግዜር ይስጥልኝ የሚቀለው ሰው፣ ያን ማታ ብትለው ብትሠራው አልማለም። ለእናቴ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

በማግሥቱ ሰው ተሰልፎ ሳለ መስኮቴ ድረስ መጣች። ተራ የሚባል ነገር አታውቅም። «ቤቴ ፈርሷል» አለችኝ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። «ለነገ ሁለት ትኬት ቁረጪ፤ አንዱ ያንቺ ነው። በዓይኔ በብረቱ ካየሁ ወደዚያ ቤት አይመለስም። ቤቱ የአባቴ ነው።»

ማቋረጫውን ለተለዋጭ ጠባቂ ሰጥታ፣ ሰማያዊዋን ቀሚስ ለብሳ፣ የሚጠባትን ጫማ ተጫምታ መጣች። መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ገባን። እንዳያያት ብላ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ከመስኮቱ ርቃ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ ቦርሳዋን አቅፋለች፤ ከቦርሳው የባንዲራዎቿ እንጨት ብቅ ብሏል።

«ይሄን ለምን አመጣሽው?» አልኳት።

«ሥራዬ ነው። የትስ ልጥለው?»

ጥምዝምዙ ጋ ስንደርስ ፉጨቱ ጮኸ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ዝቅ ያለ። እናቴ ክንዴን ጨበጠችው፤ የጥፍሯ ምልክት እስከ ማታ አልለቀቀኝም። «የኔን ፉጨት» አለች። «የኔን ፉጨት ነው እኮ የሰጣት!» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ቀልዳ ስትቀና እንጂ የምሯን ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።

ሴትዮዋ ከጎጆዋ ወጣች። የሞተ ባሏን ቦት ጫማ የተጫማች፣ ከእናቴ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ጉንጯ የጎደጎደ ሴት። ሙሉ የአልጋ አንሶላ በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ታውለበልባለች።

«ይቺ ናት?» አለች እናቴ። ቆንጆ ብትሆን ይሻላት ነበር። ለቆንጆ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

ባቡሩ ቆመ። ጥላሸት የውኃውን ቱቦ ሊያስገባ ከላይ ወጣ፤ አባቴ ውኃው ያለ መጠን እንዳይፈስ የሚገታውን ሰንሰለት ሊስብ ወደ ታች ወረደ። እናቴ ክንብንቧን ገፈፈችና ከፉርጎው ዘላ ወረደች። ተከተልኳት። ጠጠሩን እየረገጠች ሄዳ ከአባቴ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ስታዘጋጀው የኖረችው ስድብ አፏ ላይ ደርሷል።

አባቴ ቀና ብሎ ወደሷ ዞረ። ቆቡን በትሕትና ነካ አደረገ።

«እናቴ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» አላት። «ውኃው ይረጭዎታል።»

በመጀመሪያ ቅናቷ ነው የባሰባት። ውሽማው ፊት የማያውቃት መስሎ እያሾፈባት ነው ብላ እጇን አነሳች። አባቴ የተነሳውን እጅ አልሸሸም፤ እጁን አየር ላይ ዘርግቶ ሰንሰለቱን ይፈልጋል፣ ሰንሰለቱ በሌለበት በኩል። ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር መጣችና፣ እጁን በአንጓው ይዛ፣ ሰንሰለቱ ላይ አኖረችለት።

የእናቴ እጅ ከተነሳበት ቀስ ብሎ ወረደ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ድምፅዋን ሲሰማ አባቴ ሰንሰለቱን ለቀቀው። ውኃው ያለ መጠን ፈሶ ሁላችንንም አበሰበሰን፤ ሰማያዊዋ ቀሚስ ሰውነቷ ላይ ተጣበቀች።

ሴትዮዋ ናት የተናገረችው። «እህቴ፣ በክፉ አትዪኝ» አለች። «የእለፍና የቁም ምልክቱ ጥምዝምዙ ላይ በሱ በኩል ነው ያለው፤ ረዳቱ በዚያ ጎን ሆኖ አያየውም። ሌላ ጣቢያማ ረዳቱ ሳይጠረጥር እንደ ሥራው ደንብ ጮክ ብሎ ያነብለታል። እዚህ ግን ማን አለው? ሲያስጮኸው እሱ መሆኑን አውቅና እወጣለሁ። ማለፍ ከተፈቀደ አንሶላውን አውለበልባለሁ፣ ቁም ከሆነ ወጥሬ እይዛለሁ። ነጭ ነገር ይታየዋል።»

እናቴ እሷን አልሰማቻትም። አባቴን ነው የምታየው። «ለሷ ነገርካት» አለችው። «ስንት ዓመት አብሬህ የኖርኩ ሴትዮ እያለሁ ለሷ ነገርካት።»

«አልነገርኳትም። ራሷ አየች።»

ከተወራው ሁሉ ይቺ ናት የወጋቻት። አንገትጌውን ስታሸት፣ ኪሱን ስትፈትሽ፣ ፉጨቱን ስትቆጥር የኖረች ሴት፣ ዓይኑን አላየችውም።

«እሺ፣ እኔስ? ለኔ ለምን?»

«ብነግርሽ ታስወርጂኛለሽ» አለ አባቴ። «ከባቡሩ ብወርድ ደግሞ ምን ነኝ? እሷ ዝም ብላ ታሳልፈኛለች፤ አንቺ አትችዪም።»

«አዎ አልችልም!» ብላ ጮኸች። «እዚህ ውስጥ ስንት ነፍስ አለ! ልጅህ አለች! አንድ ቀን ነፋስ አንሶላዋን ቢወስደውስ?» ሴትዮዋ ወደ መሬት አቀረቀረች።

አባቴ ግን መሰላሉን በእጁ ዳብሶ አገኘና ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። «እስከ ተራራው ጫፍ ላድርሳቸው። ከዚያ እንነጋገራለን።»

እናቴ ሌላ ክርክር አልጀመረችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ከባቡሩ ፊት ሄዳ ሐዲዱ መሃል ቆመች፣ አንዱን ባንዲራ ፈትታ ወደ ላይ ያዘችው። ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል። አባቴ በነጂው መስኮት ብቅ ብሎ ወደሷ አቅጣጫ ብዙ አየ። ዓይኑን አጠበበ፣ መልሶ ከፈተ።

«የትኛውን ነው የያዝሽው?» አላት።

«ቀዩን።»

በሥራ ዘመኑ ሁሉ ቀይ ጥሶ የማያውቅ ሰው ነው። ቆቡን አውልቆ ወረደ።

ጥላሸት ለነጂነት ተፈትኖ ምደባ የሚጠብቅ ስለነበር ቀስ እያለ ይዞን ሄደ። አባቴ እኛው ፉርጎ ውስጥ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተቀመጠ። እናቴ ከመስኮቱ በኩል ሆና ከለለችው። ጎጆዋ ከዓይን ስትርቅ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «አብራው ተኝታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «ፀጉሯን ነጭቼ እገላገል ነበር። ይሄን ግን ምኑን ልንጨው?»

ሐኪሞቹ ዘግይታችኋል አሉ። አባቴ ጡረታ ወጣ። የናፍጣውን ኮርስም ጣቢያው ግቢ ያለውንም ቤት ጥላሸት ወሰደው፤ የኛው መጋረጃ ጨርቅ ለሚስቱ ስጦታ ሆነ። የናፍጣ ባቡር ጥሩምባ በቁልፍ የሚጫን ነው፣ ማንም ቢጫነው አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው። በየደጃፉ ማንቆርቆሪያ መጣድም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ቀኑን ሙሉ ማቋረጫው ላይ በርጩማ ይዞ ከእናቴ አጠገብ ይውል ጀመር። ከባሏ ጋር የምትውል የነጂ ሚስት እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ሴቶች ሊቀኑባት ሲገባ እሷው ትቀና ነበር። ትንሽ ዝም ካለ፣ «ምን እያሰብክ ነው?» ትለዋለች። «ምንም» ይላታል። «ምንም ማለት ማን ናት?» እኔ እስቃለሁ፣ አባቴም ይስቃል። እሷ ግን አትስቅም።

የከሰል ባቡሮቹ ሙሉ በሙሉ ሲቆሙ ውኃው ፌርማታ ተዘጋ። ሴትዮዋ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ወንድሟ አገር በኛው መስመር አለፈች። የዚያን ቀን እኔም ማቋረጫው ጋ ነበርኩ። እናቴ አረንጓዴዋን ይዛ ቆማለች። ከሦስተኛው ፉርጎ መስኮት አንድ ነጭ አንሶላ ወጥቶ ተውለበለበ።

አባቴ ከበርጩማው ብድግ አለ። «ነጭ ነገር አየሁ!»

«ልብስ ነው» አለች እናቴ። «ገመድ ላይ የተሰጣ።»

«ይሄዳል እኮ።»

«ነፋስ ነው።»

አባቴ አልተከራከራትም። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ግን ፊቱ ወደዚያው እንደዞረ ቆየ፤ ፈገግ ብሎ ነበር። እናቴ ይህን አየች። ብረቱን ማንሳቱን ረስታ መኪናዎቹ ጥሩምባ ቢያቀልጡም አልሰማቻቸውም። ፎቶግራፉንም ያን ቀን አላቃናችውም።

የቀረውን የነገረችኝ አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። በማግሥቱ ጠዋት የአልጋቸውን አንሶላ ገፈፈች። ከአናቷ እስከ እግሯ ተጠቅልላበት፣ እሱ ከበርጩማው ሳይነሳ፣ በዝምታ ሐዲዱን ተሻግራ ከወዲያ ማዶ ቆመች። እንዳይለያት ድምፅዋን አላሰማችም። አንዴ አውለበለበችው።

አባቴ ቀና አለ። ፊቱ በራ። «መጣሽ?» አለ።

«‹የትኛችሁን ነው ያለው?› እንዳትዪኝ» አለችኝ እናቴ። «አልጠየቅኩትም። ሁሉን ነገር ጠይቄው ያቺን አልጠየቅኩትም።»

«እና ምን አልሽው?»

«‹አዎ፣ መጣሁ› አልኩት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ እስኪሞት ድረስ ከነጭ ሌላ አልለበሰችም። ሰማያዊዋን ባለ አበባ ቀሚስ ለኔ ሰጠችኝ።